ፑል ላይ ካት ሲስትህ በየት በኩል እንደሳትክ እይ

አብሽር ወንድሜ። «ቀጥታ ኳስ አይስተኝም፤ ካት ሲሆን ግን መነካት ያለበትን ነጥብ እያየሁ መትቼ እንኳ ከቀዳዳው አፍ ይመለስብኛል። እናንተ የት ላይ ነው የምታነጣጥሩት?» ብለሃል። ካት ማለት ባለቁጥሩን ኳስ በጎኑ መትቶ፣ አቅጣጫውን አጥፎ ወደ ቀዳዳው መላክ ነው። እኔም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፑል ስጀምር ዓመት ሙሉ ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ነጥቡን ማየትህ ልክ ነው። የነጯን፣ በስቲክ የምንመታትን ኳስ፣ መሃል ወደዚያ ነጥብ መላክህ ነው ስህተቱ። ነጯ ውፍረት አላት። መሃሏ ነጥቡ ጋ ሳይደርስ ጎኗ ባለቁጥሩን ሌላ ቦታ ይነካዋል። ያኔ ኳሱ ወፍራም፣ ማለትም ወደ መሃሉ ቀረብ ብሎ፣ ይመታና የምትፈልገውን ያህል ሳይታጠፍ ይቀራል።

ማነጣጠር ያለብህ፣ ሁለቱ በሚነካኩበት ቅጽበት የነጯ መሃል የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ላይ ነው። የፑል ኳስ ከዳር እዳር 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ያ ቦታ ከቀዳዳው በተቃራኒ፣ ከባለቁጥሩ ጀርባ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል።

ይህን ያሳየኝ ጠረጴዛውን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ጠዋት ነበር፣ ቤቱ ገና ሰው አልገባበትም። አንድ ትርፍ ኳስ አምጥቶ ከባለቁጥሩ ጀርባ አስጠጋው። ሁለቱ ኳሶችና ቀዳዳው አንድ መስመር ሆኑ። «በደንብ እየው» አለኝና ትርፉን ኳስ አነሳው። ጨርቁ ላይ ምንም የለም፤ ለእኔ ግን ኳሱ አሁንም እዚያው እንዳለ ነበር። «በል፣ ነጯን እዚያ አስቀምጣት» አለኝ። በሦስተኛው ገባ። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ ኳስ እዚያው እየመለስኩ ሃምሳ ጊዜ ሳልመታው አልቀረሁም። አንተም እንደዚያ አድርግ።

አንድ መነሻም ያዝ። የስቲክህ መስመር በትክክል በባለቁጥሩ ጠርዝ ካለፈ፣ ነጯ ግማሹን ትመታለች፤ ኳሱም 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከዚያ በላይ መታጠፍ ካለበት አሳሳው፣ ካነሰ አወፍረው። መስመሩን ደግሞ ቆመህ ጨርስ። ጎንበስ ካልክ በኋላ ከተጠራጠርክ ተነስና እንደገና ጀምር፤ ጎንበስ እንዳልክ ማስተካከል ብዙ ኳስ ያስበላል።

ይህን ሁሉ አድርገህም በወፍራሙ በኩል ከሳትክ፣ ጉዳዩ ፍትጊያው ነው። ኳሶቹ ሲነካኩ ነጯ ባለቁጥሩን ወደምትሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ይዛው ትሄዳለች። ቀስ ብለህ ስትመታ ይብሳል፤ ኳሶቹ ሲቆሽሹም እንደዚያው። ደሴ በክረምት ጨርቁ እርጥበት ይዞ ስለሚከብድ እጄ ጠንከር ያለ ምት ለምዶ ነበር። በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ስጫወት ጨርቁ ደረቅና ፈጣን ሆነብኝ። ቀስ አድርጌ መምታት ጀመርኩ፤ ካቶቼ ሁሉ በአንድ በኩል ሳቱ። አምስት ጨዋታ ተሸንፌ ነው የተመለስኩት። አሁን መጀመሪያ ኳሶቹን እወለውላለሁ። ቀስ ብዬ የምመታውን ካት ደግሞ ከልክ በላይ በትንሹ አሳስቼ አነጣጥራለሁ።

ለጊዜው በጎን ማሽከርከሩን ተወው፤ የነጯን መሃል ብቻ ምታ። ሃያ ካት ሞክርና ስንቱ በወፍራሙ፣ ስንቱ በስሱ በኩል እንደሳተ ጻፍልኝ። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከሆነ ግን ችግሩ ማነጣጠርህ ላይ ሳይሆን ስቲክህ ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከፊት ለፊትህ የተቀረጸ ቪዲዮ ላክና አብረን እንየው።