ድሬዳዋ ለመኖር እንዴት ናት?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሥራ ልዛወር ነው። እርስዎ የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ጥሩና መጥፎ ጎኗን ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ የሚፈትንዎ ሙቀቱ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከደጋ የመጣ ሰው ቀትር ላይ መንቀሳቀስ ይከብደዋል። ውኃውም ማዕድን ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቤት ሲከራዩ ግን አደራ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ይራቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ይህ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው በወረደ ደራሽ ጎርፍ ሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

ሰዉ ግን እንግዳን ቶሎ ያላምዳል፤ በአንድ ሱቅ ደጃፍ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላም ማምሻውን በእግር ለመንሸራሸር ይጋብዛል። በእኔ ሚዛን ይህ ከሙቀቱ ይበልጣል። አጎበር ይዘው ይምጡ፤ ትንኝ አለ።