ለኤፍ 7 ጠያቂው፦ የእኔን ቦዲ የበላው የመጨረሻው ስፕሬይ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አንብቤ ነገ እመልስለታለሁ ብዬ ጋደም ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያገለገለ ኤችኦ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) የኤፍ 7 ናፍጣ ባቡር ሞዴል ገዝተሃል፤ የፋብሪካ ቀለሙ ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ አንተ ደግሞ ሳንታ ፌ የሚባለውን የአሜሪካ ባቡር ድርጅት ቀይና ብርማ ልታለብሰው አስበሃል። የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፦ የድሮውን ቀለም ልላጠው ወይስ በላዩ ልቀባ? ዲካሉ (በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው ስስ ሥዕል) ከተለጠፈ በኋላስ የትኛውን ቬርኒሽ ልርጭበት? የመጀመሪያውን ሰዎች በደንብ መልሰውልሃል። ሁለተኛው ላይ ግን አንዱ "ያገኘኸውን ርጭበት፣ ሁሉም ቬርኒሽ አንድ ነው" ብሎሃል። ይቺኑ ቃል ለእኔም የነገረኝ አንድ ሻጭ ነበር፤ የሦስት ወር የማታ ሥራዬን በአሥር ደቂቃ አስበላኝ። (እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የእሱ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።)

ቦዲውን እንዴት እንደምትፈታ፣ ሞተሩንና ጎማውን ከቀለም እንዴት እንደምታርቅ አልነግርህም። ካቻቢቴ መያዝ አያቅትህም። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

1. ላጠው።

በድሮው ላይ የተቀባ ቀለም ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ስትል ግን የድሮው ቢጫ መስመር ጠርዝ ከአዲሱ ቀይ ሥር እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። መጠኑንም አስበው፤ በ1፡87 ላይ በእውነተኛው ባቡር 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጎኑ የአየር ማስገቢያ ወንፊት፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የብሎኑ ራስ፣ ሁሉም በአንድ ትርፍ የቀለም ድርብ ይደፈናል። 91 በመቶ ወይም ከዚያ የጠነከረ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ሌላ አያስፈልግህም። መጀመሪያ ከጣሪያው በውስጥ በኩል በጥጥ ነካ አድርገህ ሞክር። ከዚያ ዘፍዝፈህ በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣህ ፈትግ። ዘፍዝፎ መተኛት የለም፤ ሲበዛበት አንዳንዱ ፕላስቲክ ድርቅ ብሎ ይሰባበራል። መስኮት ክፈት፣ እሳት አታስጠጋ። በሳሙና አጥበህ ካደረቅኸው ወዲያ በባዶ እጅህ አትንካው፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለም አይዝም። አልኮሉ አልላጥ ቢለው ታገስ እንጂ አሴቶን የሚባል ነገር በአጠገብህ አይለፍ። በአሴቶን በኩል የራሴ ኃጢአት አለብኝ፣ ቆይ።

2. ቀዩን አስቀድም፣ ብርማውን አስከትል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ትጣሉኛላችሁ። የተለመደው "ፈዛዛውን አስቀድም፣ ደማቁን አስከትል" ነው። ለነጭና ለቢጫ እውነት ነው፤ ቢጫ በጥቁር ላይ ሲቀቡት መልኩ ይጠፋል። ብርማ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውስጡ ያለው የብረት ቅንጣት ስለሚሸፍን ቀዩን እንኳ በሁለት ስስ ድርብ ይደብቀዋል። በአንጻሩ ማስኪንግ ቴፕ (ቀለም እንዳይደርስበት የምንሸፍንበት) ከነካው ወይ ይላጣል፣ ወይ የቴፑ ጥላ ይቀርበታል። ስለዚህ እኔ ቀዩን አፍንጫ ቀብቼ፣ አድርቄ፣ እሱን ሸፍኜ ብርማውን እረጫለሁ። ብርማው ቴፕ ሳያይ ያልቃል።

ከአፍንጫው ተነስቶ ወደ ጎን የሚወርደው ቅስት ነው የሚያስለቅስህ። ሊላንድ ኒከርቦከር የሚባለው የጄነራል ሞተርስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 ያንን ሲስል፣ አንድ ቀን እኛ 18 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ፕላስቲክ ላይ በምላጭ እንደምንሟገትበት አላሰበም። ሰፊ ቴፕ አይታጠፍልህም። ታሚያ የሚባለውን ማስኪንግ ቴፕ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀጭን ክር ቁረጠው፤ ያኔ እንደፈለግህ ይጎብጣል። ቅስቱን በክሩ ከሠራህ በኋላ የቀረውን በሰፊው ሸፍን። ጠርዙን በጥፍርህ ጫን ጫን አድርገህ፣ ብርማውን ከመርጨትህ በፊት እዚያው ጠርዝ ላይ ስስ ቀይ ርጭበት። የሚሰርግ ካለ የሚሰርገው ቀይ በቀይ ላይ ነው፤ ቀዳዳው በዚያው ይደፈናል። ይህን ብልሃት በሦስተኛው ቦዲ ላይ ራሴ ፈጠርኩት ብዬ ስኩራራ ከርሜ፣ ለካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኖሯል።

ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ ብዕር) ካለህ ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ቀለሙ እንደ ወተት ቀጠን ብሎ። ከቦዲው ውጭ ጀምረህ ከቦዲው ውጭ ጨርስ።

3. አስደርቅ።

የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው። የእኔ ቀይ ኢናሜል የሚባለው ዘይት ቀለም ነበር፣ ብርማው ቶሎ የሚደርቀው አክሪሊክ። ኢናሜል በጣት ሲነኩት አልለጥፍ አለ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። ቲነሩ ተኖ ካለቀ በኋላም ቀለሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው ቀስ በቀስ የሚጠነክረው፤ ይህ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። እኔ የጠበቅሁት ሁለት ቀን ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያሳፍራል፦ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼ ሐዲዴን ሊያዩ ይመጡ ነበርና አዲሱን ባቡር ካላሳየኋቸው አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔ የታጠቅሁት ደግሞ በሩጫም አልነበረም፣ በብረራ ነው።

ሐሙስ ማታ ቢጫና ጥቁር መስመሮቹን በዲካል ለጠፍኩ። የቀኙ ከግራው እንዲገጥም እያነሳሁ እያስቀመጥኩ፣ ማይክሮ ሶል በሚባለው የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ እያለሰለስኩ፣ ሌሊቱ ተጋመሰ። እንዲያ ቆንጆ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ዓርብ ወደ መደብር ሄጄ "ኢናሜል ላይ የሚረጭ ማት (የማያብረቀርቅ) ቬርኒሽ" ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ አንድ ጣሳ ገፋልኝና "ሁሉም አንድ ነው" አለ። ላከር የሚባለው፣ በቲነር የሚቀጥነው ዓይነት ነው። ጣሳው ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ "ባልደረቀ ቀለም ላይ አይረጭ" የሚል ነበረበት፤ ያነበብኩት ግን በማግሥቱ ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም ያልኩህ ለዚህ ነው። ቢሆንም ሰው ለሚጠይቀው ሰው ቀና ብሎ ማየት ይከብዳል?

ረጨሁት። የመጀመሪያው ደቂቃ ልብ ያርዳል፤ ቀዩ ደማቅ፣ መስመሩ ጥርት ያለ። ሁለተኛው ላይ ከመብራቱ ሥር አንዲት ነጥብ እብጥ አለች። አቧራ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነጥቧ እግር አወጣች፣ እግሯ ሌላ እግር አወጣ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አፍንጫው በሙሉ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማደደ፤ የሐሙስ ሌሊቱ ዲካል ከነመስመሩ አብሮ ተኮማተረ። እርጥበት ነው፣ ጣሳው ነው፣ ዕድሌ ነው እያልኩ ስማረር ቆየሁና አንድ ነገር አየሁ። ብርማው ጎን ምንም አልሆነም። ያው ጣሳ፣ ያው እጅ፣ ያው ክፍል፤ የተጨማደደው ቀዩ ብቻ። ያኔ ገባኝ። የላከሩ ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ገና ግማሽ የጠነከረውን ኢናሜል ውስጡ ገብቶ አሳበጠው፤ ያበጠ ቀለም ደግሞ መሄጃ ሲያጣ ይጨማደዳል።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ አፍንጫውን ብቻ ልጬ እንደገና እቀባው ነበር። ግን ነገ ቅዳሜ ነው! አልኮሉ ኢናሜሉን ቶሎ አልላጥ ሲለኝ ጥጥ በአሴቶን ነከርኩ። ፖሊስታይሪንም ሆነ ኤቢኤስ ለአሴቶን አንድ ናቸው፤ ቀለሙን ብቻ ለይቶ አያነሳልህም፣ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል። በሁለቱ የፊት መስኮቶች መካከል ያለችው ቀጭን ምሰሶ እንደ ሰም ጎንበስ አለች፣ የመብራቱ ቀለበት ከአፍንጫው ጋር ተዋሐደ። ቅዳሜ አንደኛው ጓደኛዬ አየውና "አደጋ የደረሰበት ባቡር አስመስለህ ነው የሠራኸው? ጎበዝ!" አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበል?

4. ቁጥሩ እዚህ ላይ ከጠፋብኝ ይቅርታ። መለዋወጫ ቦዲ ፍለጋውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተም ብታበላሸው የሚጠብቅህ ይሄው ነው።

አምራቹ "ቦዲ ለብቻ አንሸጥም" አለ። በስንት ፍለጋ ከአንድ ግለሰብ ያልተቀባ አገኘሁና በፖስታ መጣ። ላኪው ቅጹ ላይ "የሎኮሞቲቭ ቦዲ" ብሎ ጽፏል። የጥቅል መቀበያው ሠራተኛ ወረቀቱን አየና የከባድ ማሽነሪ ማስገቢያ ሰነድ አምጣ አለኝ። ሣጥኑ እኮ በሁለታችን መካከል ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጫማ ሣጥን ያንሳል! "ጌታዬ፣ ይክፈቱትና ይዩት" ብለው "ሰነድ ሳይሟላ አይከፈትም" አለኝ። ወደ ሌላ መስኮት ላከኝ፣ ያኛው መልሶ ወደ እሱ። በሦስተኛው ምልልሴ አንዲት ኃላፊ በአጠገባችን ስታልፍ ጠየቀችን፣ ሣጥኑን ከፈተች፣ ሳቀች፣ አስፈረመችኝና ሰጠችኝ። ሠራተኛው ይቅርታም አላለኝ። ከዚያ ወዲህ ለላኪ ሁሉ "የፕላስቲክ ሞዴል ክፍል ብለህ ጻፍ" እላለሁ። አንተም በል። ስፕሬይ ጣሳ ግን በፖስታ አታዝዝ፤ ጋዝ የታመቀበት ስለሆነ በአውሮፕላን ፖስታ አይቀበሉትም።

እንግዲህ ለጥያቄህ ቀጥተኛው መልስ፦ የትኛው ቬርኒሽ የሚለው ከሥሩ ባለው ቀለም ነው የሚወሰነው። ቀለምህ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ከሆነ ቬርኒሹንም ከዚያው ወገን አድርገው፣ ጭቅጭቅ የለውም። ኢናሜል ከሆነ ቦዲውን አፍንጫህ ሥር ይዘህ አሽትት፤ ቀለም ቀለም ከሸተተህ አልደረቀም። እኔ አሁን ሽታው ጠፍቶም ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ፈሪ በለኝ። ከሥር ላከር፣ ከላይ ኢናሜል ይሄዳል፤ ግልባጩ ነው የሚያጣላው። ዲካሉን ደግሞ አብረቅራቂ ገጽ ላይ ለጥፍ፣ ማቱ ከዚያ በላይ ይምጣ። ሻካራ ላይ ከለጠፍከው ከሥሩ አየር ይታመቅና ፊልሙ ነጣ ብሎ ያስታውቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የተሰበረ ፉርጎ ፈልግ። ባቡሩ ላይ የሚያርፈውን ሁሉ፣ ፕራይመሩን (ከሁሉ ሥር የሚቀባውን)፣ ቀዩን፣ ብርማውን፣ አንድ ትርፍ ዲካል፣ ቬርኒሹን፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ያንኑ ያህል ቀን እየጠበቅህ እሱ ላይ አሳልፈው። "ቀዩን ሞክሬዋለሁ፣ ቬርኒሹንም ሞክሬዋለሁ" አይበቃም፤ እኔም ሁለቱንም ለየብቻ ሞክሬያቸው ነበር። የሚጣሉት ሲገናኙ ነው። የእኔ መሞከሪያ ፉርጎ ዛሬ አሥራ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሷል፤ ከባቡሮቼ ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነው፣ በማንም አልለውጠውም።

በፖስታ የመጣው ቦዲ አሁን ሐዲዱ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ከጭስ ማውጫዎቹ ኋላ ትንሽ ጥቀርሻ፣ ከሰልባቲዮው አፍ ሥር የፈሰሰ ናፍጣ የሚመስል ጠብታ፣ ጎማዎቹ አካባቢ አቧራ አደረግሁለት። ብርማው ላይ አላበዛሁም፤ የተሳፋሪ ባቡር ስለሆነ የሚታጠብ ነው ብዬ። አሮጌው የተጨማደደው ደግሞ ከጋራዡ ጀርባ ሳር ውስጥ ተጥሎ ይታያል። መጥፎ አልሆነም።

ሁለት የረሳኋቸው። መብራት ልታስገባለት ካሰብህ ቦዲውን ከውስጥ ጥቁር ቀባው፤ አለዚያ ማታ አፍንጫው በሙሉ እንደ ፋኖስ ያበራል። መስኮቶቹን መልሰህ ስትገጥም ደግሞ በሱፐር ግሉ አታጣብቅ። ጭሱ መስተዋቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ ያንን ማንሳት ጣጣ ነው። ሲደርቅ የሚጠራውን ነጭ ሙጫ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጠብ አድርግና ያዘው፤ ካልጣመህ በውኃ ይነሳል።