ጄንኪንስን ወደ ሌላ ዲስክ ስናዛውር፦ ቤቱ ይቀየር፣ አድራሻው ይቆይ

ጥያቄ፦ ጄንኪንስ (የፕሮግራም ኮድን በራሱ እየገነባ የሚፈትሽ ሶፍትዌር) የሚሠራበት ሰርቨራችን ሊኑክስ ላይ ነው። ዋናው ዲስክ 97 በመቶ ሞልቶ ቢልዶች (የኮድ ግንባታዎቹ) መውደቅ ጀመሩ። አዲስ ዲስክ አስገጥሜ፣ ጄንኪንስ የሚል ፎልደር ከፍቼበት፣ ባለቤትነቱን ለጄንኪንስ ዩዘር ሰጠሁ። ከዚያ የድሮውን ፎልደር ሩት (የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ) ሆኜ ሲፒ በሚባለው ትዕዛዝ ኮፒ አደረግኩና ጄንኪንስ ሆምን፣ ማለትም ጄንኪንስ ፋይሎቹን የሚፈልግበትን ፎልደር፣ ወደ አዲሱ ፓዝ (የፎልደር አድራሻ) ቀየርኩ። ሪስታርት ሳደርገው ግን ገና ዛሬ እንደተጫነ ሁሉ የመክፈቻ ፓስዎርድ ጠየቀኝ። አንድም ጆብ (ጄንኪንስ እንዲሠራው ያዘጋጀነው ሥራ) የለም። ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት ነው? እባክዎ ይርዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ምንም አልጠፋም። ያደረግከው ኮፒ ነው፤ የድሮው ፎልደር እንዳለ ቦታው ላይ ነው። ብቻ ያንን ገጽ አልፈህ ፕለጊን መጫን እንዳትጀምር። ጄንኪንስን አቁመው።

ያ የመክፈቻ ገጽ ነባር ሰርቨር ላይ ሲመጣ፣ ጄንኪንስ ቤትህ ይኸው ተብሎ የተሰጠው ፎልደር ባዶ ሆኖበታል ማለት ነው። ስለዚህ ከዜሮ ይጀምራል። አዲሱን ዲስክ ከፍተህ እየው። ጄንኪንስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ሌላ ጄንኪንስ የሚል ፎልደር ተቀምጦ ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ሲፒ፣ መድረሻው ፎልደር ቀድሞ ካለ፣ የምትቀዳውን ፎልደር እንዳለ ውስጡ ይከተዋል። ጆቦችህ አንድ ደረጃ ወርደው ተቀምጠዋል። እኔንም ይሄው ነገር አንዴ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አላብቶኛል።

ታዲያ አንድ ደረጃ ከፍ ላድርጋቸው ትል ይሆናል። ተወው። ሩት ሆነህ በተራ ሲፒ ስለቀዳህ የፋይሎቹ ባለቤት ሩት ሆኗል፤ ጄንኪንስ ሊጽፍባቸው አይችልም። ቢልድ እየሄደ ሳለ ቀድተህም ከሆነ፣ ግማሹ ብቻ የተጻፈ ፋይል ይኖራል። ያንን ኮፒ ጣለውና እንደገና እንጀምር።

እንደገና ስንጀምር ግን ፓዙን አትቀይር። ብዙ ሰው ጄንኪንስ ሆምን ወደ አዲስ ፓዝ ያዞራል፤ ይሠራልም። ጣጣው የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ፎልደር) ሙሉ ፓዙን ውስጡ ጽፎ ይይዛል። ሲሜክ የሚባለው የግንባታ መሣሪያ ካሽም እንዲሁ። አንድ የለቀቀ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈው የባክአፕ ስክሪፕትም የድሮውን ፓዝ ይዞ ቁጭ ብሏል። አዲሱን ዲስክ በቀጥታ የድሮው ፎልደር ቦታ ላይ ማውንት ብታደርገው፣ ማለትም በዚያው ፓዝ እንዲከፈት ብታገናኘው፣ ማንም ምንም አያውቅም።

መጀመሪያ ጄንኪንስ ሆምን ወደ ድሮው ፓዝ መልሰህ ጄንኪንስን አስነሳ፤ ከዚያ አጽዳ። የቆዩ ቢልዶችን የሚጥለውን ሴቲንግ በየጆቡ አብራ፤ ማንም የማይፈልጋቸውን ወርክስፔሶች (ጆቦቹ የሚሠሩባቸውን ፎልደሮች) አጥፋ። ቆሻሻ ይዞ ቤት መቀየር ምን ያደርጋል? የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ዲኤፍን በአይ አማራጭ አስነሳና አይኖድህንም (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያዝ መዝገብ፣ ቁጥሩ የተወሰነ) እይ። ጄንኪንስ እልፍ ትንንሽ ፋይል ነው የሚፈለፍለው፤ አንዳንዴ ቦታ እያለ የሚያልቀው አይኖዱ ነው።

አዲሱን ዲስክ በኤክስት 4 ወይም በኤክስኤፍኤስ፣ በሊኑክስ የፋይል ሲስተሞች፣ ፎርማት አድርገው። ለጊዜው ሌላ ቦታ ማውንት አድርግና ጄንኪንስ እየሠራ ሳለ አርሲንክ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም፣ በኤ አማራጭ፣ የመጀመሪያውን ዙር ቅዳ። ኤ ባለቤትነቱን፣ ፐርሚሽኑንና ሲምሊንኩን (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁመውን አቋራጭ) ይጠብቅልሃል። የምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ስላሽ እንዳትረሳ! እሷ ከሌለች ያው ፎልደር በፎልደር ይደገማል።

ይህ ዙር ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ችግር የለውም፣ ሥራ አልቆመም። ሲያልቅ ጄንኪንስን ለመዘጋት እንዲዘጋጅ እዘዘው፤ አዲስ ቢልድ አይጀምርም። የተጀመሩት ሲያልቁ ሰርቪሱን አቁም። ያኔ አርሲንኩን ድገመው፤ አሁን የዲሊት አማራጭን ጨምር፣ በመሃል ከምንጩ የተሰረዘው ከአዲሱም እንዲሰረዝ። የሚቀዳው ልዩነቱ ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል። ኤክስት 4 ከሆነ፣ አዲሱ ዲስክ ላይ ራሱ የሚፈጥረውን ሎስት ኤንድ ፋውንድ የሚባለውን ፎልደር ኤክስክሉድ አድርገው።

የሚያስፈልገኝን መርጬ ልቅዳ እንዳትል። በተለይ ሲክሬትስ የሚባለው ፎልደር ከቀረ አለቀልህ። የተቀመጡት ፓስዎርዶች የተመሰጠሩበት ቁልፍ እዚያ ውስጥ ነው። እግረ መንገዴን፣ ስማቸው ሀድሰን ብሎ የሚጀምር ፋይሎች ታያለህ። የዱሮ ትርፍራፊ መስለውህ እንዳታጠፋቸው። ጄንኪንስ እስከ 2011 ድረስ ስሙ ሀድሰን ነበር፤ ፋይሎቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ከዚያ የድሮውን ፎልደር ስሙን ለውጠው፣ መጨረሻው ላይ ኦልድ ጨምርበት። በቀድሞው ስም ባዶ ፎልደር ፍጠርና አዲሱን ዲስክ እዚያ ማውንት አድርግ። ስሙን ሳትለውጥ በላዩ ላይ ማውንት ብታደርግ የድሮው ዳታ ከስር ይደበቃል፤ ዋናው ዲስክ እንደሞላ ይቀራል፣ ምን እንደሞላው ግን አይታይህም።

ማውንቱን ኤፍስታብ ላይ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚያነበው የማውንት ዝርዝር) በዩዩአይዲ (በዲስኩ የማይለዋወጥ መለያ ቁጥር) ጻፈው፤ የዲስክ ስም ሪስታርት ሲደረግ ሊቀያየር ይችላል። ሰርቪሶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ ላይ፣ በጄንኪንስ ሰርቪስ ውስጥ፣ ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር የሚለውን መስመር ከዚያው ፓዝ ጋር አስገባ። እሱ ከሌለ፣ አንድ ቀን ዲስኩ ሳይነሳ ጄንኪንስ ቀድሞ ይነሳና ያንን የመክፈቻ ገጽ እንደገና ታየዋለህ። ሬድ ሃት ወይም ዘመዶቹ ላይ ከሆንክ ከማስነሳትህ በፊት የፋይሎቹን የደህንነት መለያ የሚያስተካክለውን ሬስቶርኮንን አሂድ፤ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የሲስተሙ ጥበቃ ያለ እሱ ሊያስቸግርህ ይችላል።

አስነሳው። ጆቦቹ መታየታቸው ብቻ አይበቃም፤ ፓስዎርድ ተጠቅሞ ኮድ የሚያወርድ አንድ ጆብ አሂድ። እሱ ካለፈ ሲክሬትሱም ፐርሚሽኑም ደህና ናቸው። ዋናው ዲስክ ላይ 97 በመቶው ወዲያው አይቀንስም፣ ኦልድ ያልከው ፎልደር አሁንም እዚያው ነውና። ሁለት ሦስት ቀን ቢልዶቹ ያለ ችግር ይሂዱ፣ ከዚያ የምታጠፋው ኦልድ የሚለውን መሆኑን ሁለቴ አይተህ አጥፋው።