መዝሙሩን ይዘምራሉ፣ ውሃ ስጡኝ ማለት ግን አቃታቸው

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አባዬ 64 ዓመታቸው ነው፣ ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እግራቸው በፊዚዮቴራፒ ተሻሽሎ አሁን በከዘራ ይሄዳሉ፣ ንግግር ግን የለም። የምንላቸው ሁሉ ይገባቸዋል፣ ሊመልሱ ሲሉ ግን "እ... እ..." ብለው ይቀሩና ይናደዳሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ባለፈው እሁድ እማዬ ቡና እያፈላች መዝሙር ስትጀምር አባዬም ተከተሏት፣ ያውም ቃሉን ሳይስቱ! አጎቴ ደሞ "እልህ ይዞት ነው እንጂ መዘመር የቻለ ሰው መናገር እንዴት ያቅተዋል" ብሎ ቤቱን አተራመሰው። እውነት እልህ ነው? መዝሙር ብናበዛላቸውስ ይናገራሉ? (ልጃቸው፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይቺን ለአጎትሽ አንብቢላቸው፦ እልህ አይደለም። አፌዥያ ይባላል፣ አንጎል ሲጎዳ ንግግር የሚያሳጣ ችግር ነው፣ እንግዳ ነገርም አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1745 ስዊድን ውስጥ ዳሊን የሚባል ሰው ልክ እንደ አባትሽ ቀኝ ጎኑ የደከመ፣ መናገር ያቃተው ግን ቤተክርስቲያን ውስጥ ድሮ የሚያውቃቸውን መዝሙሮች የሚዘምር ሰው አይቶ ጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኞቻችን ቃል ፈልጎ፣ አቀናብሮ፣ ወደ አፍ የሚልከው ክፍል ያለው በግራው የአንጎል በኩል ነው፣ ቀኝ እጅና እግርን የሚያዘውም ይኸው ግራው ስለሆነ ነው ሁለቱ አንድ ላይ የተጎዱት። ዜማ ላይ ግን ቀኙም በደንብ ይሳተፋል። ሌላው ደሞ ከልጅነት ጀምሮ ሺ ጊዜ ያልነው ነገር እንደ አዲስ አረፍተ ነገር አይቀናበርም፣ ጫፉ ከተያዘ ራሱ ይተረተራል። አባታችን ሆይን አስጀምሯቸው፣ ሰኞ ማክሰኞን፣ ከአንድ እስከ አስር መቁጠርን፣ ሊወጣላቸው ይችላል። ስድብም እንደዚሁ ነው፣ ተናደው አንድ ሞቅ ያለ ስድብ ቢያመልጣቸው እንዳትደነግጡ 😀

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ፣ መዝሙር ስላበዛችሁ ብቻ አይናገሩም። የሚያውቁት መዝሙር የሚያወጣው የመዝሙሩን ቃል ነው፣ "ውሃ ስጡኝ"ን አያወጣም። ስለዚህ "ውሃ ስጡኝ" ራሱ ዜማ ይሰጠው! እ.ኤ.አ. በ1973 ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች ያወጡት ዘዴ ይሄው ነው፣ በተለይም እንደ አባትሽ የሚሰማው ለሚገባው ግን ቃል ለማይወጣለት ሰው። ያኔ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረችው ጋቢ ጊፈርድስ እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላቷን በግራ በኩል በጥይት ተመታ ንግግሯን ስታጣ ሂውስተን ውስጥ ከተሰጣት ህክምና አንዱ መዝፈን ነበር፣ ብዙ ተሻሽላለች ግን ከዓመታት በኋላም ረጅም አረፍተ ነገር ይከብዳታል፣ ይሄንንም እወቁት።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩ። በቀን ውስጥ የሚያስፈልጓቸውን አምስት ስድስት አጫጭር ነገሮች ምረጡ፣ ውሃ ስጡኝ፣ በቃኝ፣ ልውጣ፣ አመመኝ የመሳሰሉትን። ፊት ለፊታቸው ተቀመጪና ግራ እጃቸውን ይዘሽ በእያንዳንዱ የቃል ቁራጭ (ው-ሃ) ጠረጴዛውን መታ እያደረግሽ በሁለት ድምፅ ብቻ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ፣ መጀመሪያ ያለቃል አንጎራጉሪ፣ ቀጥሎ በቃሉ፣ ከዛ አብራችሁ በሉት፣ ከዛ መሀል ላይ አንቺ ዝም በይና እሳቸው ይጨርሱት፣ በመጨረሻ "ምን ልስጥዎት?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ይሄን ሲለምዱ ዜማውን ቀስ በቀስ ወደ ተራ ንግግር እያወረድሽ መሄድ ነው። በየቀኑ ካልሆነ ዋጋ የለውም፣ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከምታደርጉ በየቀኑ ሁለቴ ሀያ ሀያ ደቂቃ ይሻላል፣ ሲደክማቸውም ተዋቸው። የንግግር ቴራፒስት ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፣ አገራችን ውስጥ ግን ጥቂት ስለሆኑ እስክታገኙ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ።

እማማ ጾም ሲገባ ዘፈን አይገባም ካሉም ችግር የለም፣ ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ሁለት ድምፅ ነው። ማዳመጡም ከንቱ አይደለም፣ ሄልሲንኪ ውስጥ በ60 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት በየቀኑ የሚወዱትን ሙዚቃ ያዳመጡት ቃላትን በማስታወስ ከሌሎቹ የተሻለ አገግመዋል። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን ምንም ነገር አይተካውም፣ ሲበሉ ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ትን የሚላቸው ከሆነም ቶሎ ለሐኪም ንገሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ አለባት፣ ስትሄድ ስትሄድ በር ላይ ስትደርስ እግሯ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ድርቅ ትላለች። ለዚህም ሙዚቃ ይሠራል? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን እዚህ የሚፈለገው ዜማው ሳይሆን ምቱ ነው። በፓርኪንሰን የሚደክመው ከውስጥ "አሁን እርምጃ" የሚለው ሰዓት ስለሆነ ከውጭ ምት ሲሰጣት እግሯ እሱን ይከተላል። ስልክሽ ላይ ሜትሮኖም የሚባል እኩል ምት የሚመታ አፕ ጫኚ፣ ካልሆነም አጨብጭቢላት ወይም "አንድ ሁለት" እያልሽ ቁጠሪላት፣ ፍጥነቱ እሷ ደህና ስትሄድ ከምትራመደው ጋር እኩል ይሁን። በር ላይ ስትደርቅ እጇን እንዳትጎትቺያት፣ ትወድቃለች። ቁሚ፣ ምቱን አስጀምሪ፣ ሰውነቷን ግራ ቀኝ ታወዛውዝ፣ ከዛ በሦስተኛው ምት ትራመድ። መጀመሪያ ላይ አጠገቧ ሰው ሳይኖር እንዳትሞክረው።