አሮጌው ጃፓን ወይስ አዲሷ ትንሽ ሲኤንሲ?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቶርኖ ቤት ያለው አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ በእጅ ቶርኖ የመኪና ፒንና ቡሽ እንሠራለን። ሥራው ከአቅማችን በላይ ሆኗል። ባለችኝ ገንዘብ ወይ ፋኑክ ኮንትሮል (የጃፓኑ ፋኑክ የሠራው የማሽን ኮምፒውተር) ያለው አሮጌ የጃፓን ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ እገዛለሁ፣ ወይ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አዲስ ትንሽ ሲኤንሲ። ደላላው አሮጌውን ውሰድ ይላል፤ ባለቤቴ አዲሷን ትላለች። የማንን ልስማ?»

ደላላ ልክ ነው ማለት ይተናነቀኛል። ግን ሥራህ የብረት ፒንና ቡሽ ከሆነ፣ ልክ ነው። ባለቤትህም የፈራችው ነገር አለ፤ እሷም አልተሳሳተችም።

በአንድ ፒን ላስረዳህ። 50 ሚሊ ብረት አስረህ ወደ 30 ታወርዳለህ እንበል። በአንድ ጎን 10 ሚሊ ይነሳል ማለት ነው። ደህና የኢንዱስትሪ ማሽን በአንድ ጉዞ 2.5 ሚሊ ይበላል፤ አራት ጊዜ ሄዶ ይጨርሳል። በደቂቃ 950 ዙርና በ0.25 ፊድ፣ ማለትም ቢላው በአንድ ዙር 0.25 ሚሊ እየተራመደ፣ ይህን ለመቁረጥ 3 ኪሎዋት ገደማ ጉልበት ይፈጃል። የትንሿ ሞተር ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሚሊ፣ ግማሽ ሚሊ እያለች ሃያ ጊዜ ትመላለሳለች። ትልቅ ሞተር ብትገጥምላትም ሰውነቷ አይችለውም። ጠለቅ ስትልባት ትንቀጠቀጣለች፤ የፒኑ ፊት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ይሆናል።

ሌላም አለ። ከትንንሾቹ አብዛኞቹ የሚሄዱት በስቴፐር ሞተር ነው፣ ደረጃ በደረጃ በሚዞር ሞተር፤ ያውም ያለ ኢንኮደር፣ የት እንደደረሰ የሚነግራት ሳይኖር። ብረቱ ጠንክሮ ሞተሩን ትንሽ ቢያስቀረው ማሽኗ አታውቅም። የደረሰች እየመሰላት ትቀጥላለች። የምታውቀው አንተ ነህ፣ ያውም ፒኑ ካለቀ በኋላ በማይክሮሜትር።

አልናቃትም። ናስ፣ አልሙኒየም፣ ፕላስቲክ የምትሠራ ብትሆን፣ ወይም ልጆችን ጂ-ኮድ (የሲኤንሲ ማዘዣ ቋንቋ) ልታስተምር ብትፈልግ፣ እሷን ግዛ እልህ ነበር። ከግድግዳ ሶኬት ትሠራለች፤ አራት ጎረምሳ አንስቶ ያስቀምጣታል።

አሁን ባለቤትህ ወደፈራችው እንሂድ። ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ቆጣሪህን እይ። ትሪ ፌዝ ከሌለህ መጀመሪያ እሱን አስገባ፤ ያለሱ ስለ ማሽኑ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ካለህም የእኛ መስመር 380 ቮልት ነው። ለጃፓን ለራሷ ገበያ የተሠራ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው 200 ቮልት ትሪ ፌዝ ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ አንብብ። 200 የምትል ከሆነ ትራንስፎርመሩ አብሮ ይምጣ፤ ከሌለ ዋጋውን ከማሽኑ ላይ አስቀንስ።

ቤቱ የራስህ ይሁን የኪራይ አልነገርከኝም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይዘለውም። ትንሽ የሚባለው የኢንዱስትሪ ሲኤንሲ እንኳ ሁለት ሦስት ቶን ይመዝናል። ክሬን የሚያስገባ መንገድ፣ ሰፊ በርና ወፍራም ኮንክሪት ይፈልጋል። በየዓመቱ እያነሱ የሚጥሉት ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የራሴ ጠባሳ ነው። አንድ ጊዜ አሮጌ ሲኤንሲ በፎቶ ብቻ አይቼ ገዛሁ። መጋዘን ውስጥ ወራት ቆይቶ ነበር። መጥቶ ስናበራው ስክሪኑ በራ፤ ማሽኑ ግን ማን እንደሆነ ረስቷል። ነገሩ ቀላል ነው። እነዚህ አሮጌ ኮንትሮሎች ፓራሜትራቸውን፣ የማሽኑ ልክ የተሞላባቸውን ቁጥሮች፣ የሚይዙት በባትሪ ነው። ፋኑክ 0 የሚባለው ሞዴል ከሆነ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ናቸው፣ ያው የእጅ ባትሪ ድንጋይ። እነሱ ሲያልቁ የማሽኑ ልክ ሁሉ ይጠፋል። የፋብሪካው ወረቀት ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በር ውስጥ ይቀመጣል፤ የእኔው ባዶ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥንበት። ስለዚህ ሳይነቀል በፊት የፓራሜትሩን ገጾች አንድ በአንድ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ድንጋዩንም አስቀይር። ታዲያ ማሽኑ እንደበራ ነው የሚቀየረው፤ አጥፍተህ ካወጣኸው በገዛ እጅህ አጠፋኸው።

ልታየው ስትሄድ ዳያል ኢንዲኬተር፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ከማግኔት መቆሚያው ጋር ያዝ። ማግኔቱን ቻኩ (ብረቱን የሚነክሰው) ላይ ለጥፈህ የኢንዲኬተሩን ጫፍ ቱሬቱ (ቢላዎቹ የሚታሰሩበት) ላይ አስደግፍ። በሃንድዊሉ፣ በእጅ በምትዞረዋ መዘውር፣ 0.01፣ 0.01 ሚሊ እያልክ ወደ ቻኩ አምጣው፣ መርፌው አብሮህ እስኪሄድ። አሁን መልሰው። አንድ ጠቅ፣ መርፌው ቆሟል። ሁለት ጠቅ፣ አሁንም ቆሟል። በሦስተኛው ከተነሳ 0.02 ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ይቅር ይባላል። በኤክስ በኩል፣ ቱሬቱ ወደ ብረቱ መሃል በሚገባበት አቅጣጫ፣ ስትለካ ግን እንዳትደናገጥ፦ 0.02 ብትለው መርፌው 0.01 ነው የሚያሳየው። ማሽኑ የሚቆጥረው በዲያሜትር ስለሆነ ነው።

ከዚያ ከቻኩ ርቆ ወደ ማሽኑ ጭራ በኩል ወስደህ ድገመው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማሽን ተበልቶ የሚያልቀው ቻኩ አጠገብ ነው፤ ሥራው ሁሉ እዚያ ስለሆነ። በሁለቱ ቦታዎች ተቀራራቢ ከሆነ በፓራሜትር ይስተካከላል። ቻኩ አጠገብ 0.08፣ ጭራው ጋ 0.01 ከሆነ ግን አንዲት ቁጥር ሁለቱን አታስታርቅም። የቦል ስክሩን፣ ቱሬቱን የሚገፋውን ጥርሳም ዘንግ፣ ዋጋ ቀንስ ወይም ተወው።

መርፌው ወዲያው ተነሳልኝ ብለህም አትደሰት። የባክላሽ ፓራሜትሩን፣ ያንን ክፍተት የሚያካክሰውን ቁጥር፣ አስከፍተህ እይ። ትልቅ ቁጥር ተሞልቶበት ከሆነ ስክሩ አልቋል፤ የሸፈነው ኮንትሮሉ ነው። ሻጮች ሁሉ ያደርጉታል አልልም። የሚያደርጉ አሉ።

ብረቱን ከቤትህ ይዘህ ሂድ። አልሙኒየም ቆርጠው ሊያሳዩህ ሲሉ እምቢ በል። 40 ሚሊ ብረት በቻክ ብቻ አስረህ፣ 100 ሚሊ አውጥተህ፣ በስሱ አስጨርስና ሁለቱን ጫፍ በማይክሮሜትር ለካ። ልዩነቱ ከ0.02 ካለፈ ወይ አልጋው ተበልቷል ወይ ማሽኑ ሚዛኑን ስቷል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ገንዘብ አትቁጠር። መብራት የለም፣ በኋላ እናበራዋለን የሚልህ ካለ፣ በኋላ ክፈለው።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ ጠዋት ሂድ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የስፒንድሉን (ቻኩን የሚያዞረውን ዘንግ) ቤት በእጅህ ንካው። ኩሽኔታው የሚጮኸው ብዙ ጊዜ በቀዝቃዛው ነው፤ ሲሞቅ ዝም ሊል ይችላል። ሞቆ ከጠበቀህ ሳትከራከር ውጣ። ምሳህን ብላና፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሰህ ራስህ አስነሳው።