ትንሽ አንብቢ፣ ብዙ ቆዪ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ በየዓመቱ እንደምትጀምሪ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ስትደርሺ እንደምታቆሚ፣ ባነበብሽባቸው ቀናት እንኳ መጽሐፉን ስትዘጊው በልብሽ የሚቀር ነገር እንደማይኖር ጽፈሻል። ከሁሉም በላይ የነካኝ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ ነው፤ «ልቤ ደርቋል፣ መታደስ እፈልጋለሁ፣ በየት በኩል እንደምጀምር ግን አላውቅም» ብለሻል። በየቀኑ አንብቦ በማሰላሰል ልማድ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

አብዛኛው ሰው ንባቡ ሲቋረጥበት የራሱን ስንፍና ይወቅሳል። እኔ ግን የሚያደክመን የመጠኑ ብዛትና የማሰላሰሉ መቅረት ነው ብዬ አምናለሁ። ሒሳቡን ተመልከቺ። 66ቱን መጻሕፍት ብቻ ብንወስድ 1,189 ምዕራፎች አሉ፤ በዓመት ለመጨረስ በየቀኑ ከሦስት ምዕራፍ በላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለት ቀን ካመለጠሽ በሦስተኛው ቀን ወደ ዐሥር የሚጠጋ ምዕራፍ ይጠብቅሻል። ንባቡ ዕዳ ሆነ ማለት ነው፤ ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ወደ ቃሉ ልትቀርቢ የተነሣሽበት ሰዓት ከቃሉ የምትሸሺበት ሰዓት የሚሆነው እንዲህ ነው።

የአንድ ዓመት ዕቅድን እያጣጣልኩ አይደለም፤ በእርሱ የተባረኩ ብዙ ሰዎችን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ብዙዎች ከሚጠቀሙባቸው ዕቅዶች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1842 መጨረሻ ላይ ለምእመናኑ ያዘጋጀው ስኮትላንዳዊው መጋቢ ሮበርት መሪ መክቼይን ነው። ብሉይ ኪዳንን በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን ሁለት ጊዜ ያስነብባል፤ በቀን አራት ምዕራፍ ገደማ ይደርሳል። እኔን የሚያስደንቀኝ ዕቅዱን ሲሰጣቸው አደጋዎቹንም አብሮ መዘርዘሩ ነው፦ ለወጉ ያህል ማንበብ፣ ድርሻዬን ተወጣሁ ብሎ መመጻደቅ፣ በግዴለሽነት ማለፍ፣ ለአንዳንዱም ሊሸከመው የማይችለው ቀንበር መሆን። ዕቅዱን የነደፈው ሰው ራሱ ይህን ካለ፣ ቀንበሩ የከበዳት እህት የምታፍርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የዓመቱን ዕቅድ ለጊዜው አስቀምጪው። አንድ አጭር መጽሐፍ ምረጪና በቅደም ተከተል ሂጂበት፤ በቀን ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ቁጥር ይበቃሻል። እኔ የማርቆስን ወንጌል እመርጥልሻለሁ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ታሪኩም ፈጣን ነው፤ ኢየሱስ ከቦታ ቦታ ሲሄድ አብረሽው የምትሄጂ ይመስልሻል። ከዚያ በኋላ ወደ ፊልጵስዩስ መሻገር ትችያለሽ። አራቱን ምዕራፍ በአንድ መቀመጫ አንብቢያቸውና በማግስቱ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረሽ በዝግታ ተመለሺባቸው።

ቅደም ተከተል ላይ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉን እንዳጋጠመ ገልጦ አንድ ቁጥር መምዘዝ ለጊዜው ያጽናናል፤ ሥር ግን አይሰድም። ኤርምያስ 29፥11ን ብዙዎቻችን በቃላችን እንይዘዋለን፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ የሚነገርበት ነው። ከላዩ ያለውን ቁጥር 10 ግን እንዘልለዋለን። በዚያ ላይ የተጻፈው ሰባ ዓመት ነው፤ ደብዳቤውም የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነበር። ከተቀባዮቹ መካከል ጎልማሶች የነበሩት አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩትም። ተስፋው በዚህ አያንስም። እንዲያውም ነገሩ ዛሬ ላልተፈታለት፣ ቤት ሠርቶ አትክልት ተክሎ እንዲጠብቅ ለታዘዘ ሰው የተነገረ መሆኑን ስታውቂ ይበልጥ ትደገፊበታለሽ።

ስታነቢ ደግሞ ድምፅሽን አውጪ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ጃንደረባው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው ይላል፤ ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር ማለት ነው። ዐይን ቃላትን ይዘላል፣ አፍ ግን አይችልም። አሳብሽ በሚበታተንበት ቀን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን አላገኘሁም። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሆንሽ በሹክሹክታም ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ማሰላሰሉ። ብዙዎች ማሰላሰል ሲባል ባዶ ጸጥታ ወይም የተለየ ስሜት ይመስላቸዋል፤ ስሜቱ ካልመጣ አልሆነልኝም ይላሉ። እኔ የማደርገው በጣም ቀላል ነው። ክፍሉን ሁለት ጊዜ አነባለሁ። በሁለተኛው ንባብ እግሬን የያዘኝ፣ ያስገረመኝ ወይም ያስቸገረኝ ቦታ ላይ እቆምና ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ስለ እግዚአብሔር ምን ይነግረኛል? ዛሬ ከሚጠብቁኝ ሰዎችና ሥራዎች የትኛውን ይነካል? ሰባትና ስምንት ጥያቄ ያለባቸው መምሪያዎች አሉ፤ ጥሞናውን ፈተና ስለሚያደርጉት አልመክራቸውም።

ለምሳሌ ማርቆስ 1፥35 ላይ ኢየሱስ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደ፣ በዚያም ጸለየ ይላል። በፍጥነት ያነበበ ሰው «ማለዳ መጸለይ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ትንሽ ከቆየሽ ግን በፊተኛው ምሽት ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ እንደነበር፣ ብዙ ድውያንን እንደፈወሰ ታያለሽ። ያ ሌሊት የደከመ ሰው ሌሊት ነው። ቀጥሎ ስምዖንና አብረውት ያሉት ተከትለውት ደርሰው ሁሉም እንደሚፈልጉት ነገሩት። እርሱ ግን ወደ ፈላጊዎቹ አልተመለሰም፤ ወደ ሌሎቹ መንደሮች እንሂድ አላቸው። ይህን ክፍል ባነበብኩበት ማለዳ ሁለት ሰዎች እንድሠራላቸው የሚጠብቁኝ ነገር ነበር፣ ለሁለቱም እሺ ብዬ ነበር። ሁሉም የሚፈልገው ሰው እንኳ የዕለቱን አቅጣጫ ከአባቱ ዘንድ ይዞ እንደወጣ ሳይ፣ አንደኛውን ሥራ የተቀበልኩት ሰውን ላለማስቀየም ብቻ መሆኑ ታየኝ። ጸሎቴም በዚያ ቀን ይኸው ነበር። ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ቀኑን ሙሉ ግን አብሮኝ ዋለ።

ደብተር ይኑርሽ። ረጅም መጻፍ አያስፈልግም፤ ቀኑን፣ ምዕራፉንና አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። የዚህ ጥቅም ወዲያው አይታይም። አባቴ ታሞ በተኛበት ወቅት መዝሙር 13ን ለሳምንታት ደጋግሜ አነብ ነበር። (አንዳንድ እትሞች 12 ይሉታል፤ የዕብራይስጡና የጥንቱ የግሪክ ትርጉም (የሰባ ሊቃናቱ) አቆጣጠር በብዙዎቹ መዝሙራት በአንድ ስለሚለያይ ነው፤ እንዳያደናግርሽ።) ስድስት ቁጥር ብቻ ያለው መዝሙር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ መጨረሻው ላይ ግን መዝሙረኛው ይዘምራል። በመካከሉ ችግሩ እንደተፈታ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ደብተሬን ዛሬ ስገልጠው በአንዱ ገጽ ላይ «የዛሬው የእኔ ሁለተኛው እስከ መቼ ነው፤ ፊቱን ሰውሮብኛል» ይላል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ደግሞ «ዛሬ የመጨረሻውን ቁጥር ጮክ ብዬ ማንበብ ቻልኩ» የሚል አለ። አባቴ በዚያን ጊዜ ገና አልተሻለውም ነበር። በእኔ ውስጥ አንድ ነገር እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ግን እነዚያ አጫጭር መስመሮች ባይኖሩ ኖሮ አላውቀውም ነበር። መታደስ ብዙውን ጊዜ ለሚታደሰው ሰው አይታየውም።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም። ማለዳ ለእኔ ይስማማኛል፤ ሕፃን የምታጠባ እናት ወይም የሌሊት ተረኛ ግን ማለዳን እንደ ሕግ ልትሸከም አይገባትም። ዋናው ነገር ንባቡን ሁልጊዜ ከምታደርጊው ነገር ጋር ማያያዝ ነው፦ ፊትሽን ከታጠብሽ በኋላ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ከሥራ ገብተሽ ልብስ ከቀየርሽ በኋላ። ቦታውም አንድ ይሁን። መጽሐፉንና እስክሪብቶውን ማታውኑ እዚያ አስቀምጪ፣ የምታነቢውንም ክፍል ቀድመሽ ወስኚ፤ በእንቅልፍ ዐይን «ዛሬ ምን ላንብብ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጥሞናዎችን አስቀርቷል። በስልክ ማንበብ ኃጢአት አይደለም፣ የታተመው ግን ይሻላል፤ ስልኩ ላይ መልእክት ሲመጣ ልብሽ ሳታውቂው ወጥቶ ይሄዳል።

ልማድ በስንት ቀን ይጸናል ብለሽም ጠይቀሻል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በ96 ሰዎች ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሔት የታተመው ጥናት መካከለኛውን 66 ቀን አድርጎታል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚሉት በ21 ቀን ያልጸናልሽ ልማድ ከሽፏል ማለት አይደለም። ከዚያው ጥናት የምወደው ሌላው ግኝት አንድ ቀን ማምለጡ ልማዱን እንደማያፈርሰው ነው። ስለዚህ ላመለጠው ቀን ማካካሻ ብለሽ እጥፍ አታንብቢ። ካቆምሽበት ቁጥር ቀጥዪ፤ የሚከፈል ውዝፍ የለብሽም።

አሁን ስለ ደረቀው ልብሽ። ጳውሎስ ውስጣዊው ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል ብሎ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16 ሲጽፍ፣ በዚያው ቁጥር ውጫዊው ሰውነት እየጠፋ መሆኑን ይናገራል። ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎም መጨነቅን፣ መሰደድን፣ መውደቅን ይዘረዝራል። ስለዚህ መታደስን ከመፍታታትና ከደስታ ስሜት ጋር አንድ አታድርጊው፤ ደክሞሽ እያለ ልትታደሺ ትችያለሽ። ደግሞም ኤልያስን አስቢው። በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን እስኪለምን ድረስ ሲዝል፣ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ተነሥተህ ብላ አለው፣ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞም ተኛ። እግዚአብሔር የተናገረው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ተራራ ነው። ሌሊቱን ያልተኛሽ ከሆነ የመጀመሪያው መንፈሳዊ ሥራሽ መተኛት ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ራሱን በንባብ ሲያስጨንቅ ማየት ያሳዝነኛል። ድርቀቱ ለወራት ከዘለቀና ምግብና እንቅልፍ ከነሣሽ ደግሞ ከምታምኛቸው አገልጋይ ጋር ተነጋገሪ፣ ሐኪምም አማክሪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ዘሌዋውያንን እስከ ወዲያኛው ተዪው አላልኩሽም። ልማዱ ከጸና በኋላ በምዕራፍ 19 ግቢበት። ለድሀው የእርሻውን ዳር ሳያጭዱ መተው፣ የሠራተኛውን ደመወዝ እስኪነጋ አለማቆየት፣ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አለማኖር፣ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ፤ ሁሉም እዚያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ከዚያ ምዕራፍ 16ን ከዕብራውያን 9 ጋር ጎን ለጎን አንብቢ። መሥዋዕቱ ሁሉ ወዴት እንደሚያመለክት ካየሽ በኋላ የቀረው እንደ በፊቱ አይከብድሽም።

የመጨረሻው ነገር፣ ብቻሽን አትሁኚ። እኔ ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ እንነጋገራለን። ስንት ምዕራፍ እንደተነበበ አንጠያየቅም፤ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሰውን ወደ መዋሸት ይገፋዋል። የምንጠይቀው «በዚህ ሳምንት ከተነበበው የትኛው አብሮህ ዋለ?» ብለን ነው። አንዳንድ ሳምንት አንዳችን ምንም አይኖረንም፤ ያን ጊዜ ሌላው ያለውን ያካፍላል፣ ተጸልዮም ይለያያል። በአጠገብሽ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ እዚህ ካሉት እህቶች አንዷን ጠይቂ። ሁለታችሁ ነገ ከማርቆስ 1፥1 እስከ 13 አንብቡ፣ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተደዋወሉ።