እፉኝት ሲያጋጥም፦ ልግደለው ወይስ ልለፈው?

ወንድሜ፣ ቆላ ላይ ጅግራ ሳድን እፉኝት ቢያጋጥመኝ ልግደለው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አትግደለው ባይ ነኝ፤ የምሰጋውም ላንተው ነው።

እፉኝት እንደ ብዙዎቹ እባቦች ኮቴ ሲሰማ አይሸሽም። ቡናማና ቢጫማ መልኩ ከደረቅ ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል ድርቅ ብሎ ይተኛል። ስትቀርበው ሰውነቱን ነፍቶ በኃይል እፍ ይላል። ያን ድምፅ ስትሰማ ባለህበት ቁም። የት እንዳለ በዓይንህ ለይና ቀስ ብለህ ወደኋላ በል። ሁለት ሦስት ሜትር ከራቅከው አይከተልህም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚነደፈው ሳያየው ሲረግጠው ነው፤ በዱላ ልምታው ብሎ ሲጠጋም ይነደፋል። ጥይቱም ድንጋይ ላይ ነጥሮ ጓደኛህን ሊያገኝ ይችላል። የተቆረጠ ጭንቅላቱ እንኳን ስለሚነድፍ በእጅህ እንዳትነካው።

ልጆች ያሉበት ግቢ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ መግደሉ ይገባኛል።

ምናልባት ከነደፈህ አትሩጥ። ቁስሉን አትብጣው፣ አትምጠጠው፣ በገመድም አትሰረው። እብጠቱ ቶሎ ስለሚመጣ ጫማህን፣ ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ። የተነደፈውን እግር ሳታንቀሳቅስ ተሸክመው ሆስፒታል ያድርሱህ። ብቻህን አደን አትውጣ የምልህም ለዚሁ ነው።